ቆንስሉ ያዕቆብና የተዘለሉት ስሞች

ጎንደር ያደጋችሁ፣ ወይም ለጥምቀት ብቅ ብላችሁ ቁስቋም ድረስ የወጣችሁ፣ እስኪ አስታውሱ። አስጎብኚው የእቴጌ ምንትዋብን ግቢ አዙሮ አሳይቶ ሲጨርስ ፍርስራሹ መሐል ቆም ይልና ድምፁን ከፍ አድርጎ "እዚህ ደግሞ ጀምስ ብሩስ ኖሯል" ይላል። ፈረንጆቹ ካሜራቸውን ያነሳሉ። እኛም፣ ለምን ይዋሻል፣ ሞባይላችንን አነሳን።

አራት ነበርን። አራታችንም ጋዜጠኝነት ተመርቀን፣ ሁለታችን ሥራ ይዘን፣ ሁለታችን ደግሞ "እየፈለግን ነው" በሚባለው ክቡር የሥራ መደብ ላይ ያለን። ከመካከላችን ነገር የማይጥማት አንዷ እጇን አወጣች። "ወንድሜ፣ ይሄ ብሩስ የጎንደርን ነገሥታት ታሪክ ከማን ሰምቶ ነው የጻፈው?"

"ራሱ ነዋ!" አለ ልጁ። "ዲፕሎማት ነበር፤ ታሪክ ጸሐፊም ነበር።"

መልሱ ውሸት አይደለም። ግን ከቁስቋም እስከ ፒያሳ በእግራችን ስንወርድ ስንከራከርበት ዋልን። ከዚያ በኋላም አልለቀቀንም። ይሄ ጽሑፍ የዚያ ክርክር ትርፍ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ባለታሪኩ ፈረንጅ ነውና ይቅር በሉን።)

መጀመሪያ ሰውየውን እንወቀው። ጀምስ ብሩስ በ1730 ስኮትላንድ ውስጥ ኪኔርድ በምትባል ርስት የተወለደ ባላባት ነው። ሕግ ጀምሮ ተወው። የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ አግብቶ ወደ ንግዱ ገባ፤ ሚስቱ ግን ከተጋቡ በወራት ውስጥ ሞተችበት። ከዚያ በኋላ ሰውየው አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻለም። ዐረብኛ አጠና። የጀርመናዊውን የሂዮብ ሉዶልፍን መጻሕፍት ይዞ ግዕዝ ቆጠረ። ይህን ሉዶልፍ የሚባል ሰው ያዙልን፣ በኋላ እንመለስበታለን። በ1762 የእንግሊዝ መንግሥት በአልጀርስ ቆንስል አድርጎ ሾመው፤ በ1763 ሥራውን ጀመረ።

የአልጀርስ ቆንስልነት የኮክቴል ግብዣ ሥራ አልነበረም። ከተማዋ በባሕር ላይ መርከብ እየያዙ ሰው የሚማርኩ ሰዎች መናኸሪያ ነበረች። የቆንስሉ ሥራ ምርኮኛ ማስለቀቅ፣ የመርከብ ይለፍ ወረቀት ላይ መጨቃጨቅ፣ ዴይ ከሚባለው ገዥ ፊት ቆሞ ቁጣውን መቻል ነው። ብሩስ ሁለት ዓመት ያህል ቻለው። ከገዥውም ከገዛ አለቆቹም ጋር ተኳርፎ በ1765 ለቀቀ። በዲፕሎማትነት መዝገብ ቢመዘን፣ እውነቱን እንናገር፣ መካከለኛ ውጤት ነው። ለጎንደር ግን ያ የአልጀርስ ትምህርት ቤት ጠቀመው። ሹም ፊት አለመንቀጥቀጥን፣ ደብዳቤ ከገንዘብ እንደሚበልጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ የእልፍኙን እመቤት ማወቅ እንደሚበጅ እዚያ ተምሯል።

እናም ልብ በሉልን፦ ብሩስ ጎንደር ሲመጣ ቆንስል አልነበረም። ማንም መንግሥት አልላከውም። ሥልጣኑ ያለፈበት ሰው ነበር። በእጁ የነበረው ከዚህም ከዚያም ያሰባሰበው ደብዳቤ ነው። አንዱ ለምሳሌ ከእስክንድርያው የግሪክ ፓትርያርክ፣ ጎንደር ላሉ ግሪኮች የተጻፈ ነበር። አዎ፣ በዚያን ዘመን ጎንደር ውስጥ ግሪኮች ነበሩ፣ ያውም ቤተ መንግሥት የሚገቡ። እኛ ደግሞ "ዓለም አቀፍ ከተማ" ሲባል ዱባይን ብቻ እናስባለን።

በመስከረም 1769 ምጽዋ ገባ። አድዋንና አክሱምን አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ በሊማሊሞ በኩል ወደ ሰሜን ደጋ ወጣ። ዛሬ ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁል ስትወርዱ አውቶቡሱ በየጠመዝማዛው ሲያቃስት የምታዩት መንገድ ጣሊያን የሠራው ነው። ያኔ እግርና በቅሎ ብቻ ነበር። ብሩስ ስለዚያ አቀበት ከጻፈው ሁሉ እኛ የምንወደው የአሞራውን ወግ ነው። ተጓዦቹ ከአናቱ ላይ ሰፍረው የፍየል ሥጋ ሲቀቅሉ አንድ ጺማም ጥንብ አንሣ ቀስ ብሎ ወርዶ መሐላቸው አረፈ፤ ቅልጥሙን ይዞም ሄደ። ተመልሶ መጣ። ሁለተኛ ሲመጣ ብሩስ በጠመንጃ ገደለው። ለንደን ውስጥ ይህን ወሬ ያነበቡ ሰዎች ሳቁበት። የሰሜን ልጅ ቢያነበው ግን የሚገርመው ሌላ ነገር ነው፤ አሞራው ሥጋ ነጠቀ ማለት ምኑ ወሬ ሆኖ ነው መጽሐፍ የገባው?

በየካቲት 1770 ጎንደር ደረሰ። ከተማዋ በሰላም ጊዜ ወደ 10,000 አባወራ ይኖርባታል ብሎ ገምቷል። ጊዜው ግን ሰላም አልነበረም። ንጉሡ ኢዮአስ ባለፈው ዓመት፣ በ1769፣ ተገድለዋል፤ ያስገደላቸውም ራስ ሚካኤል ስሑል ናቸው። ዙፋኑ ላይ ልጅ እግሩ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ተቀምጠዋል። የሟቹ ንጉሥ አያት እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ላይ ናቸው፤ ልጃቸው ወይዘሮ አስቴር ደግሞ የዚያው የራስ ሚካኤል ሚስት። አስቡት እንግዲህ፣ የሟች አክስት የገዳይ ሚስት ነች! ከዚህ ሁሉ የቤተሰብ ውጥንቅጥ መሐል ነው ፈረንጁ የገባው። ራስ ሚካኤልና ንጉሡ ዘመቻ ላይ ነበሩ። ከተማው ውስጥ ፈንጣጣ ገብቷል፤ የእቴጌይቱ የልጅ ልጆችም ታመዋል። ብሩስ ሐኪም ነኝ አለ። መስኮትና በር አስከፈተ፣ ንጹሕ አየር አስገባ፣ ቤቱን በጭስ አጠነ። የዳኑት ዳኑ፤ ከዚያ ወዲህ "ያዕቆብ" ተብሎ የእቴጌይቱ ቤት ሰው ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ በወሬ ታውቁታላችሁ። ከጠመንጃ የሻማ ጥይት ተኩሶ ሦስት ጋሻ በሳ። ሹመት አገኘ። ንጉሡን ተከትሎ ዘመተ። በኅዳር 1770 ግሽ ዐባይ ደርሶ "ምንጩን ያገኘሁት የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ" አለ፤ ፔድሮ ፓኤዝ ከ152 ዓመት በፊት፣ በ1618፣ እዚያው ቆሞ እያለ። በ1771 መጨረሻ ጎንደርን ለቆ በሱዳን በኩል ተመለሰ። መጽሐፉ እስኪወጣ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ፈጀ፤ በ1790 አምስት ትልልቅ ቅጽ ሆኖ ታተመ። እሱ በ1794 የራሱ ቤት ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። ሊማሊሞን ወጥቶ ደረጃ ላይ መሞት!

አሁን ወደ ክርክራችን እንምጣ።

ከአምስቱ ቅጾች ሁለተኛው ስለ ጉዞው አይደለም። የነገሥታት ታሪክ ነው፤ ከይኩኖ አምላክ ጀምሮ እሱ እስከመጣበት ድረስ። ብሩስን "ታሪክ ጸሐፊ" ያሰኘው ይህ ቅጽ ነው። አውሮፓ ስለ ፋሲለደስ፣ ስለ ታላቁ ኢያሱ፣ ስለ በካፋ በዚያ ስፋት ያነበበው ከዚያ ነው። ይህን ሁሉ ከየት አመጣው? ከግዕዝ ዜና መዋዕሎች። ጎንደር ውስጥ ገዛ፣ አስገለበጠ፣ ይዞ ሄደ። ይህንንም አልደበቀም፤ ምንጬ የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ነው ብሎ ጽፏል። የደበቅነው እኛ ነን። "ብሩስ ጻፈው" ስንል የምንዘላቸው ሰዎች አሉ። የታላቁ ኢያሱን ዜና መዋዕል ከጻፉት ሐዋርያ ክርስቶስና ዘወልድ አሉ። የበካፋን ከጻፉት ሲኖዳ አሉ። ግዕዙን ጣሊያናዊው ኢኛሲዮ ጉዊዲ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ስላሳተመው የተደበቀ ምሥጢር አይደለም። ግን ጎንደር ከተማ ውስጥ መንገድ ላይ አስቁማችሁ አሥር ወጣት ጠይቁ። ብሩስን ስንቱ ያውቃል? ሲኖዳንስ? እኛ ራሳችን ከአራታችን ሦስታችን አናውቅም ነበር። አራተኛዋም የምታውቀው አያቷ ዲያቆን ስለነበሩ ነው።

እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው ብለን ስንፈልግ ያገኘነው ነገር ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን። ጸሐፌ ትእዛዝ ማለት በጎንደር ቤተ መንግሥት ሥራ ፈቶ ብራና የሚጭር ሰው ማለት አይደለም። የንጉሡን ቃል ወደ ደብዳቤ የሚለውጠው እሱ ነው። የሚገርመው ደግሞ ይህን በደንብ ተመልክቶ የጻፈልን ራሱ ብሩስ መሆኑ ነው። ከንጉሡ አጠገብ የማይለይ አንድ ሹም አለ ይላል፤ የንጉሡን ማኅተም የሚይዘው እሱ ነው፣ የንጉሡን የዕለት ሥራ ክፉም ይሁን በጎ የራሱን አስተያየት ሳይጨምር የመመዝገብ ግዴታ ያለበትም እሱ ነው። ንጉሡ ሲሞት መዝገቡ ለሸንጎ ይቀርባል፤ ሸንጎው አንብቦ ሐሰት ያለውን ይፍቃል፣ የተረሳውን ያስገባል።

እስኪ ይህን ደግማችሁ አንብቡት። ማኅተም ያዥና ታሪክ ጸሐፊ፣ በአንድ ሰው። ከማኅተሙ ሥር ያለው ደብዳቤ ድንበር ይሻገራል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ነገሥታት ኾጃ ሙራድ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ልከው ዛሬ ጃካርታ በምትባለው ባታቪያ ካሉት ሆላንዶች ጋር ሲጻጻፉ፣ የሜዳ አህያ ሳይቀር ስጦታ ሲልኩ፣ ደብዳቤውን የሚጽፍ ሰው ነበራቸው ማለት ነው። የውጭ ጉዳይና የታሪክ ክፍል አንድ ቢሮ ነበሩ ብንል ብዙም አላጋነንን። ታዲያ ያ አስጎብኚ "ዲፕሎማትም ታሪክ ጸሐፊም ነበር" ብሎ ስኮትላንዳዊውን ሲያደንቅልን፣ ጎንደር ይህንን ሥራ ደመወዝ ከፍላ፣ ማዕረግ ሰጥታ፣ ብሩስ ሳይወለድ ታሠራ እንደነበር አላወቀም። እኛም አላወቅንም። ልጁን አንወቅስም።

(የሸንጎው አርትዖት ነገር ግን አልዋጥልን አለን። "ሐሰት ያለውን ይፍቃል" የሚባለው ሸንጎ ውስጥ የተቀመጡት የሟቹ ጠላቶች ቢሆኑስ? ዋና አዘጋጅ ምን እንደሚፍቅ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህን ግን ለሌላ ቀን።)

ሉዶልፍን ያዙልን ብለን ነበር። እሱም ዲፕሎማት ነበር፤ የጀርመኑ የጎታ መስፍን ሹም። በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ ዝናው ዓለምን ዞሯል። ነገር ግን ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። ያስተማሩት በ1649 ሮም ላይ ያገኛቸው፣ በ1652 ደግሞ ጎታ ድረስ ጠርቶ ያስመጣቸው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። አማርኛውንም፣ አገሩንም፣ ሰዉንም ከእሳቸው ቀዳ። ምስጋናውን አልነፈጋቸውም፤ በዚህ ከብዙዎቹ ይሻላል። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። እንግዲህ ብሩስ ጎንደር ሲገባ የያዘው ግዕዝ መነሻው እነዚህ መነኩሴ ናቸው ማለት ነው። ከአገር ወጥቶ፣ በሉዶልፍ መጽሐፍ አልፎ፣ በስኮትላንዳዊ ራስ ውስጥ ሆኖ ተመልሶ መጣ።

አሁን ስለተሰረቀ ስም እናውራ። ይህ ያማል፤ በሙያም ያማል።

ብሩስ ብቻውን አልመጣም። ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ልጅ አብሮት ነበር፤ በ1737 የተወለደ፣ ሥዕል የሚስል፣ በብሩስ የተቀጠረ። ዕፅዋቱን፣ አዕዋፉን፣ ፍርስራሹን በሚያስደንቅ ጥራት ሳለ። የአየሩን ጠባይ በየቀኑ መዘገበ። በ1771 መጀመሪያ ላይ ጎንደር ውስጥ ታሞ ሞተ። በመጽሐፉ ግን ብሩስ ባሉጋኒን ቀድሞ ገደለው! ወደ ዐባይ ምንጭ ከመጓዙ በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈ። ችግሩ ባሉጋኒ በገዛ እጁ ስለ ግሽ ጉዞ የጻፈው ማስታወሻ ተገኘ። የሞተ ሰው ማስታወሻ አይጽፍም። ሥዕሎቹም ለረጅም ጊዜ የብሩስ ናቸው ሲባሉ ኖሩ። በ1991 ሦስት ተመራማሪዎች የዕፅዋቱን ሥዕሎች በባሉጋኒ ስም በአንድ መጽሐፍ እስኪያወጡለት ድረስ ልጁ ከ200 ዓመት በላይ ጠበቀ። ዋጊኖስ የምንለው የደጋ መድኃኒት እንኳ በሳይንስ ስሙ "ብሩሲያ" ነው፤ በብሩስ ስም ነው የተጠራው። ለሣዩ ለባሉጋኒ ምን እንደተረፈው እንጃ።

ብሩስ ለምን እንዲህ አደረገ? የእኛ ግምት ቀላል ነው። "የመጀመሪያው እኔ ነኝ" ለማለት የፈለገ ሰው አጠገቡ ሁለተኛ ሰው ቆሞ እንዲታይ አይፈልግም። ፓኤዝንም እዚያ አልደረሰም ብሎ የካደው ለዚሁ ነው። ፓኤዝ ሞቶ ነበር፤ ባሉጋኒም ሞቷል። የሞተ ሰው ማስተባበያ አይልክም።

እዚህ ላይ ከመካከላችን አንዷ ስትናደድ ሌሎቻችን ዝም አልን፤ ምክንያቱን እናውቀዋለንና። ለተግባር ልምምድ ወጥታ አንድ የኅትመት ክፍል ተመድባ ነበር። ሦስት ሳምንት ገበያ ለገበያ እየተንከራተተች ስለ ጤፍ ዋጋ ዘገባ ሠራች፤ አርባ ሰው አናገረች። ሲወጣ ከላይ የተጻፈው የሌላ ሰው ስም ነበር። የእሷ "ተባባሪ" ተብሎ እንኳ አልገባም። ስትጠይቅ "አንቺ ገና ተማሪ ነሽ፣ ስም ምን ያደርግልሻል?" ተባለች። እናቷ ጋዜጣውን ለጎረቤት ሊያሳዩ ገዝተው ነበር። ገልጠው ገልጠው ስሟን ሲያጡት "ምናልባት የነገው ላይ ይሆናል" አሉ። እስከ ዛሬ ይህን ስትነግረን እየሳቀች ነው የምትነግረን፤ ሳቁ ግን መጨረሻው ላይ ይቆረጣል። እንግዲህ ስም ምን ያደርጋል ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም።

የብራና ጸሐፊዎች ግን ስም ምን እንደሚያደርግ ያውቁ ነበር። ቁስቋም ላይ ያገኘናቸው አንድ አባት ናቸው ያስታወሱን። ጥግ ላይ ተቀምጠው ክርክራችንን ሲሰሙ ቆዩና "ልጆቼ፣ መጽሐፍ ሲያልቅ የሚጻፈውን አታውቁምን?" አሉን። መጽሐፉን ያጻፈው፣ የጻፈው፣ የሰጠበት ቤተ ክርስቲያን ስሙ ይገባል። ቀጥሎ ውግዘቱ ይመጣል፤ የሰረቀው፣ ያሰረቀው፣ የፋቀው ሁሉ የተወገዘ ይሁን ተብሎ። "የፋቀውም ጭምር፣ አባ?" አልናቸው። "የፋቀውማ ዋናው ነው" አሉ። "መጽሐፉ ቢሰረቅ አንድ ቀን ይገኛል። ስሙ ከተፋቀ ግን ማንን ብለህ ትፈልጋለህ?"

መቼም የመጽሐፍ ስርቆት ከተነሣ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ጩኸት ማለፍ አይቻልም። ስለ ብሩስ ሁለት ጎራ አለ። አንደኛው "ሌባ ነው፣ መጽሐፈ ሄኖክን ሰርቆ ሄደ" ይላል። ሌላው "አገራችንን ለዓለም ያስተዋወቀ ባለውለታ" ይለዋል። እኛ ሁለቱም አልተስማማንም። አዎ፣ ከያዛቸው የግዕዝ ብራናዎች መካከል መጽሐፈ ሄኖክ ነበረ፤ አውሮፓ አጥታው የኖረችውን፣ በሙሉ የተረፈው በግዕዝ ብቻ የሆነውን መጽሐፍ በሦስት ቅጂ ወስዷል። ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ከዚያ ነው። ነገር ግን ብሩስ ሠራዊት አስከትሎ አልመጣም። ገዝቶና አስገልብጦ ነው የሄደው። ቅጂ መውሰድና ዋናውን በጠመንጃ መውሰድ ለየቅል ናቸው። የዘረፋው ታሪክ በ1868 መቅደላ ላይ ነው፤ ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች ወደ ለንደን የሄዱት ያኔ ነው።

እዚህ ላይ ደግሞ ለጎንደሬ ጆሮ የማይመች ነገር አለ፤ ግን እንናገረው። መቅደላ ላይ የተዘረፉት መጻሕፍት መቅደላ እንዴት ደረሱ? ብዙዎቹ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ነው የተወሰዱት። አፄ ቴዎድሮስ በ1866 ከተማዋን አቃጥለው፣ ንዋየ ቅድሳቱንና መጻሕፍቱን ሰብስበው፣ መቅደላ ላይ ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ወሰዱት። የቋራውን ጀግና ስማቸው ሲጠራ የምንነሣ እኛ፣ ቲሸርታችን ላይ ያተምናቸው እኛ፣ ይህችን ገጽ ቶሎ እናልፋታለን። በ1888 ደግሞ መሐዲስቶች መጡና የቀረውን አቃጠሉት። እንግዲህ ብሩስ ያስገለበጠው ቅጂ ተርፎ ኦክስፎርድ መቀመጡን በምን ዓይን እንየው? ብራናዎቹን ከወራሾቹ እጅ የኦክስፎርዱ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት በ1843 ገዛቸው። ጎንደር ቀርተው ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ እሳቶች ያመልጡ ነበር? እኛ አራታችን በዚህ አልተስማማንም። አንዷ "ስለተረፈ አመሰግናለሁ" አለች። ሌላዋ "ምስጋናዬን ቀንሼ ቅጂውን እጠይቃለሁ" አለች። ይሄ ሁለተኛው ለአብዛኞቻችን ተመቸን።

ብሩስን እንጠላዋለን ማለት አይደለም። እንዲያውም ስናነበው ወደድነው። ወይዘሮ አስቴርን የሣለበት መንገድ፣ እቴጌይቱ እንዳረጁ የተናገሩትን ጭንቀት ያደመጠበት ጆሮ፣ በራስ ሚካኤል ፊት ሰው ሁሉ ሲንቀጠቀጥ የሽማግሌውን ድካም ማየቱ፣ ይህ የጥሩ ዘጋቢ ዓይን ነው። ዜና መዋዕል የማይነግረንን የጓዳ ወሬ ነግሮናል። ሲኖዳ ንጉሡ ምን እንዳደረጉ ይጽፋሉ፤ ብሩስ ደግሞ እልፍኙ ውስጥ ሰዉ ምን እንደሚያንሾካሹክ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ የሚችል የጎንደር ተማሪ ቢኖር እንዴት በታደለ! ጉራው ግን ልክ የለውም። ከጎንደር የተረፈ ሰው ሁሉ ጉራ አያጣውም ብንል ደግሞ የከተማችን ልጆች ይቀየሙናል።

ከእሱ በኋላም የመጣ ቆንስል አለ፤ ያ እንኳ እውነተኛ ሹመት ያለው። ዋልተር ፕላውደን በ1848 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ተሾመ፣ በ1849 ከራስ አሊ ጋር ውል ተፈራረመ፣ በኋላ የቴዎድሮስ ወዳጅ ሆነ። በ1860 ከጎንደር ሲወጣ ተወግቶ ሞተ፤ የጻፈው መጽሐፍ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1868 ነው። ልክ በመቅደላው ዓመት። ስለ እሱ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ግን የእኛ ጉዳይ የውጭ ቆንስሎችን መደርደር አይደለም። የውጭዎቹን ስም እስከ የሞቱበት ወንዝ ድረስ እናውቃለን። የራሳችን ማኅተም ያዦች ናቸው የጠፉብን።

ታዲያ ምን ይደረግ ትላላችሁ? ሐውልት ይቁም አላልንም፤ ሐውልት ሲባል ኮሚቴ ይመጣል፣ ኮሚቴ ሲመጣ አበል ይመጣል። የምንለው ቀላል ነው። የጎንደር አስጎብኚ የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ "ብሩስ ጻፈው" ከማለታችሁ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፦ ከነሐዋርያ ክርስቶስ፣ ከነዘወልድ፣ ከነሲኖዳ ቀድቶ። "ብሩስ ሣለው" የሚለውን ደግሞ ጨርሶ ተዉት፤ ባሉጋኒ በሉ። ቱሪስቱ ሰምቶ የማያውቀው ወሬ ነው፣ ጉርሻው ሊጨምር ይችላል እንጂ አይቀንስም። ግዕዝ የምታውቁ የአብነት ተማሪዎችና ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ልጆች ደግሞ አንድ ላይ ተቀመጡ። የጎንደር ዜና መዋዕሎች ቀለል ባለ አማርኛ፣ በኪስ የሚያዝ መጽሐፍ ሆነው፣ ፋሲል ግቢ በር ላይ ከፖስትካርዱ ጎን ቢሸጡ እኛ የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ነን። የኦክስፎርዱን ብራና ፎቶ ቅጂ ጎንደር አምጥቶ አንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥም የመንግሥታት ድርድር የሚጠይቅ አይመስለንም። በትሕትና የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ይበቃው ይሆናል። ማኅተም ያዥ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ያን ቀን ከቁስቋም ስንወጣ የእቴጌይቱና የልጃቸው የኢያሱ፣ የልጅ ልጃቸውም የኢዮአስ አጽም ያለበትን የመስታወት ሣጥን ደግመን አየነው። የብሩስ ታካሚዎች አያት፣ የሲኖዳ ንጉሥ የበካፋ ሚስት፣ ሁሉም ነገር የሚገናኝባት ሴት እዚያ ተኝታለች። አስጎብኚው በር ድረስ ሸኘን። ነገረኛዋ ጓደኛችን ስለ ባሉጋኒ ስትነግረው መጀመሪያ የምታላግጥበት መስሎት ነበር። በኋላ ግን ስክሪብቶ ለመነን፤ ወረቀት ስላልነበረው መዳፉን ዘረጋ።

"ባ... ሉ... ጋኒ? በካዕብ ሉ?"

"በካዕብ" አለችው። "ሲኖዳንም ጻፈው እንጂ።"

"ሲኖዳን አልረሳም፤ የአጎቴ ስም ነው" አለን፣ መዳፉ ላይ እፍ እያለ።